ከቁልፍ መስቀያው ላይ የተገኘ ዲዛይን

ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ረቡዕ ማታ ነው። ስልኬ ጠራ። እትዬ ናቸው፤ ድረ ገጽ የሠራሁላቸው የሐዋሳ ፔንሲዮን ባለቤት። ድምፃቸው ልክ አልነበረም።

«ልጄ፣ አራት ክፍል በኢንተርኔት ተይዞ ማንም አልመጣም። ደውለን ብንጠይቅ ‹እኛ የምንመጣው ለገብርኤል ነው› አሉን። ለገብርኤል ደግሞ አንድም ክፍል የለኝም።»

ላፕቶፔን ከፈትኩ። የተመዘገበው ቀን «ከዲሴምበር 18 እስከ 20» ይላል። ሰዎቹ ያሰቡት ታኅሣሥ 18 ገብተው፣ 19 አንግሠው፣ 20 ሊመለሱ ነው። ድረ ገጹ ላይ የነበረው ቀን መቁጠሪያ ግን የፈረንጅ ነው። ዲሴምበር 18 በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 9 ላይ ነበር የዋለው። «ዲሴምበር»ን ሲያዩ «ታኅሣሥ» ብለው አነበቡት። ማንም ሰው እንደዚያ ያነበዋል።

ቀን መቁጠሪያውን እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። የሐዋሳ ገብርኤል ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲነግሥ ከተማው በእንግዳ እንደሚሞላ እያወቅኩ፣ የሰው ሁሉ ልብ በኢትዮጵያ ቀን እንደሚቆጥር እያወቅኩ ነው ያስቀመጥኩት። የወሰድኩት ቴምፕሌት፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የሚገኝ የድረ ገጽ ቅርጽ፣ ውስጥ ተሠርቶ ስለመጣ አላሰብኩበትም።

እትዬ እንግዶቹን አልጣሏቸውም። ሁለት ክፍል ጎረቤት ካለ ፔንሲዮን ለመኑ፤ የቀሩትን ሰዎች ሳሎናቸው ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው አሳደሩ። ቀብዱንም መለሱ። እኔ ግን ከዚያ ማታ በኋላ ሥራዬን በድሮ ዓይኔ ማየት አልቻልኩም።

ወጣት ዲዛይነሮች ብዙ ጊዜ «ሐሳብ ከየት ነው የምታመጪው?» ይሉኛል። የዚህን ድረ ገጽ ታሪክ ከነጉድለቱ የምጽፈው ለዚያ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ ስለሌለኝ ነው። ድረ ገጹ ሦስት ጊዜ ተሠርቷል። በሦስቱም ጊዜ ሐሳብ ፍለጋ ወጥቼ ነበር። የሄድኩበት ቦታ ግን ይለያያል።

የመጀመሪያው

ፔንሲዮኑ 14 ክፍል አለው። ሐዋሳ ውስጥ፣ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ሐይቁ በሚወስደው በኩል ገባ ብሎ ነው። አረንጓዴ የብረት በር፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ። ባለቤቷን ሁሉም ሰው እትዬ ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው። ሰኔ 2016 ላይ ሲያስጠሩኝ የነገሩኝ ነገር አጭር ነበር። «ማታ ማታ ስልኩ እንቅልፍ ነሳኝ። ሰው ሳይደውል ክፍል የሚይዝበት ነገር ሥሪልኝ።»

ቤቴ ገብቼ እንደ ልማዴ ፒንተረስት ከፈትኩ። ከዚያ ቢሃንስ፣ ከዚያ ድሪብል። የሌሎችን ዲዛይን የምናይባቸው ድረ ገጾች ናቸው። በሁለት ቀን ከ80 በላይ ምስል ሰበሰብኩ። የግሪክ ደሴት ሆቴሎች፣ የባሊ ቪላዎች፣ ነጭ ግድግዳ፣ ሰማያዊ ውኃ። ሁሉም ያምራሉ። ሁሉም ደግሞ አንድ ዓይነት ናቸው። ስክሪኑን የሚሞላ ፎቶ ከላይ፣ መሐሉ ላይ ቀጭን ጽሑፍ፣ ከሥሩ በጣት የሚነካ አንድ ቁልፍ። ፊግማ በሚባለው የዲዛይን መሥሪያ ላይ ያንኑ አስቀመጥኩ። ሲከፈት ራሱ የሚጫወት የሐይቅ ማዕበል ቪዲዮም ጨመርኩበት። መስከረም 2017 ላይ ሥራ ጀመረ። ዲዛይነር ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ።

እነዚህን ገጾች አልኮንናቸውም። ዛሬም እገባለሁ። የአንድን ቁልፍ ቅርጽ፣ የአንድን ሜኑ አከፋፈት ለማየት ጥሩ ናቸው። ግን እዚያ የሚታየው መልሱ ብቻ ነው። ያ ዲዛይን የማንን ችግር ለመፍታት እንደተሠራ አይታይም። የባሊው ቪላ እንግዳ ከስድስት ወር በፊት በላፕቶፕ፣ በባንክ ካርድ ነው ክፍል የሚይዘው። የእትዬ እንግዳ ከአዲስ አበባ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊጓዝ መኪና ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ሞጆን አልፎ፣ በስልኩ ዳታ ነው «ማደሪያ እንፈልግ» የሚለው።

ስለዚህ ችግሩ ከቀኑ በፊትም ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ብቻ 7 ሜጋ ባይት ይመዝን ነበር። መንገድ ላይ ያለ ሰው ቪዲዮው እስኪመጣ አይጠብቅም። ጽሑፉ ነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ነበር። ለድረ ገጽ ተደራሽነት በወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ መሠረት የተራ ጽሑፍና የመደቡ የድምቀት ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት። የእኔ ሲለካ 3 ለ 1 እንኳ አልሞላም። ቤት ውስጥ ይነበባል። ፍቅር ሐይቅ ዳር ቆመሽ በስድስት ሰዓት ፀሐይ ስትከፍቺው ባዶ ወረቀት ነው።

ሰዓቱም ነበር። «መግቢያ ከ2:00 ጀምሮ» ተብሎ ተጽፏል። ቴምፕሌቱ የሚለው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። አንድ ቤተሰብ ግን ሌሊት ተነሥቶ፣ ልጆች ይዞ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳ። ክፍሉ ገና አልተለቀቀም። መክፈያው ደግሞ የውጭ ካርድ ቁጥር ይጠይቃል። እንግዶቹ ቀብድ የሚልኩት በቴሌብር ወይም በባንክ ነው፤ ደረሰኙን ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ይልካሉ።

ከሁሉም የሚያመኝ ግን ፎቶው ነው። ከፔንሲዮኑ ሐይቁ አይታይም። እኔ ከመስኮት ሐይቅ የሚታይበት፣ ከኢንተርኔት የወሰድኩት ፎቶ ነበር ያደረግኩት። «ስሜቱን ለመስጠት» ብዬ ነው። አንዲት እናት ክፍላቸው ገብተው መጋረጃውን ገለጥ አድርገው «ሐይቁስ?» ብለው ጠየቁ አሉኝ። መልስ የለኝም።

ሁለተኛው

ጥር ላይ እንደገና ጀመርኩ። ስሕተቴን ያወቅኩ መስሎኝ ነበር። «የውጭ ነገር ስለገለበጥኩ ነው፤ አሁን ከራሳችን እወስዳለሁ» አልኩ። የጥበብ ቀሚስ ጥለት ከላይና ከታች አስገባሁ። በየርእሱ ላይ ከብራና መጻሕፍት የምናውቀውን ሐረግ ሣልኩ። ገጹ እስኪከፈት የሚሽከረከረውን ክብ ነገር አውጥቼ፣ ከቀርከሃ ተሸምኖ የሚሠራውን የሲዳማ ቤት ትንሽ ሥዕል አደረግኩ።

እትዬ ስልካቸውን ራቅ አድርገው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ «የሠርግ ጥሪ ካርድ ይመስላል» አሉ። ቀጠሉና «ክፍል ያለው የት ጋ ነው?» አሉኝ።

የሲዳማ ተወላጅ የሆነ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ የሚሽከረከረውን ቤት አይቶ ዝም አለ። ጠየቅኩት። «አያቴ እንደዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ ነው የሚኖረው። ቤት አይሽከረከርም» አለኝ። በዚያው ቀን አጠፋሁት።

ይህ ሁለተኛው ጥፋት ከመጀመሪያው ይልቅ ለማየት ይከብዳል። ምክንያቱም ከውጭ ሲታይ ትክክል ይመስላል። ጥለቱ የኛ ነው፣ ሐረጉ የኛ ነው። ግን ያደረግኩት ያንኑ ነው። ያኔ የባሊን መልክ ለጠፍኩ፤ አሁን የአገሬን መልክ ለጠፍኩ። ቀን መቁጠሪያው በጥለቱ መሐል ሆኖ አሁንም «ጃንዋሪ» ይላል።

ሦስት ቀን እንግዳ መቀበያው ላይ

የካቲት ውስጥ እትዬን አስፈቅጄ ሦስት ቀን እንግዳ መቀበያው ላይ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተር አልያዝኩም። ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ። ሥራዬ የሚደወለውን ስልክ ማዳመጥና የሚሆነውን መጻፍ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን አሰልቺ ነው። ሁሉም ደዋይ አንድ ነገር የሚጠይቅ ይመስላል። ሁለተኛው ቀን ላይ ቅደም ተከተሉ ገባኝ። «ክፍል አለ?» ይቀድማል። ከዚያ «ስንት ነው?»። ከዚያ «ሙቅ ውኃ አለው?»። መኪና ያለው «ማቆሚያ አላችሁ?» ይላል። መኪና የሌለው «ከመናኸሪያ ባጃጅ ስንት ይጠይቃል?» ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ስሙን የሚናገረው። ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ግቢው ውበት የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። የኔ ድረ ገጽ ግን በውበቱ ጀምሮ፣ ታሪኩን ተርኮ፣ ዋጋውን መጨረሻ ላይ ነበር የሚነግረው። የሦስተኛው ገጽ አደራደር የተወሰደው ከዚህ የስልክ ጥያቄ ነው። አንድም ነገር አልቀያየርኩም።

ከእንግዳ መቀበያው ኋላ ግድግዳው ላይ አንድ የቆየ ጣውላ አለ። 14 ሚስማር ተመትቶበታል። ቁልፍ ከተሰቀለ ክፍሉ ነፃ ነው። ሚስማሩ ባዶ ከሆነ ሰው አለበት። ይህን ማንም ያውቃል። ሦስተኛው ቀን ላይ ያስተዋልኩት ግን ሌላ ነው። አንዳንዱ ቁልፍ ላይ ትንሽ ወረቀት ታስሮበታል። እንግዳ መቀበያው ላይ የሚሠራውን ልጅ ጠየቅኩት።

«እሱ ተነግሯል» አለኝ። «ደውለው ያዙልን ብለዋል። ቀብድ ግን አልላኩም። እስከ ነገ ማታ 12 ሰዓት ካልላኩ ወረቀቱን እፈታለሁ።»

እኔ በሁለቱም ዲዛይን «አለ» እና «የለም» ብቻ ነበር ያደረግኩት። የሆቴል ሥራ እዚህ አገር በመሐል አንድ ሦስተኛ ነገር አለው። ተነግሯል። ይህች ሦስተኛዋ ባትኖር እትዬ ወይ ቃል ያጥፋሉ ወይ ክፍል ባዶ ያሳድራሉ። የትኛውም ፒንተረስት ላይ ያለ የሆቴል ገጽ አላሳየኝም። ጣውላው ግን ለዓመታት እዚያው ተሰቅሎ ነበር። ሰኔ ላይ ሥራውን ስቀበል ከፊቱ ቆሜ ነው ቡና የጠጣሁት።

አዲሱ ገጽ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ያ መስቀያ ነው። 14 ሚስማር፣ በሦስት ረድፍ። የተሰቀለ ቁልፍ፣ ወረቀት የታሰረበት ቁልፍ፣ ባዶ ሚስማር። እንግዳው የተሰቀለ ቁልፍ ሲነካ የዚያ ክፍል ፎቶና ዋጋ ይወጣል። ፎቶዎቹ የራሱ የክፍሉ ናቸው፤ ጠዋት መጋረጃ ከፍተን በስልክ ያነሣናቸው። ማብራሪያ አልጻፍንበትም። ያየው ሁሉ ያለ ማብራሪያ ነው የገባው፤ ፔንሲዮን ውስጥ ያደረ ሰው ሁሉ ይህን መስቀያ ያውቀዋል።

መጀመሪያ ነፃውን በአረንጓዴ፣ የተያዘውን በቀይ ልቀባው ነበር። ያስቆመኝ የእትዬ ደብተር ነው።

ደብተሩ ባለ መስመር የተማሪ ደብተር ነው። ስም፣ ስልክ፣ ስንት ሰው፣ መግቢያ፣ መውጫ። ሁሉም በሰማያዊ እስክሪብቶ ይጻፋል። ቀብድ የከፈለ ሰው ስም ግን በቀይ ይደገማል። ቀይ ማለት «ገንዘቡ ገብቷል፣ ይህን ሰው አትንኩ» ማለት ነው። ገጹን ሳይ ብራና ትዝ አለኝ። የድሮ ጸሐፊዎች ጽሑፉን በጥቁር ይጽፉና ርእሱንና የቅዱሳንን ስም በቀይ ይጽፉ ነበር። አንባቢው ዓይኑ የት ማረፍ እንዳለበት በቀለሙ ይነገረዋል። እኔ ጥር ላይ ከብራና ሐረጉን ወስጄ ይህን ትቼ ነበር። የብራናው ትልቁ ትምህርት ለኔ ቀይዋ ናት። ቀለም ሥራ ሲኖረው እንዲህ ነው።

ስለዚህ በገጹ ላይ ቀይ አንድ ትርጉም ብቻ አለው። ቀብድ ደርሷል። እንግዳው ደረሰኙን በቴሌግራም ልኮ እትዬ ሲያረጋግጡ ስሙ በቀይ ይመጣለታል፣ ከጎኑም «ቀብድ ደርሷል» ይላል። የተያዘ ክፍል ባዶ ሚስማር ነው እንጂ ቀለም የለውም። ይህ ቀይና አረንጓዴ መለየት ለሚቸግራቸው ሰዎችም ጠቀመ።

የገጹ አረንጓዴ ቀለም ደግሞ ከበሩ መጣ። ስልኬን ከብረት በሩ አጠገብ ፀሐይ ላይ ይዤ እስኪመሳሰል ድረስ ቀለሙን አስተካከልኩ። እንግዳው መንገድ ላይ ገጹን ሲያይ ከርሞ ባጃጁ ሲቆም በሩን ያውቀዋል። ባጃጅ ነጂም «አረንጓዴ በር» ሲባል ነው የሚገባው። አድራሻችን የመንገድ ቁጥር አይደለም፤ ምልክት ነው። «እንዴት ይደረሳል» የሚለውም ክፍል የተጻፈው ልጁ በስልክ ለባጃጅ ነጂ በሚናገርበት ቃል ነው።

ቀን መቁጠሪያው

እንግዳ መቀበያው ላይ ከመስቀያው ጎን የግድግዳ ካላንደር አለ። በየቤታችን ያለው ዓይነት። የኢትዮጵያ ቀን በትልቁ፣ የፈረንጁ በትንሹ ጥግ ላይ፣ በዓላት በቀይ። እዚህ ላይ ብዙ መጨነቅ አላስፈለገም። ሌሎች ለብዙ ዓመት አስበው የጨረሱት ዲዛይን ነው። ያንኑ ስክሪን ላይ አስገባሁት። የበዓሉ ቀይ ግን ከቀብዱ ቀይ ጋር ስለሚጋጭ በዓላትን በቀለም ፋንታ በስማቸው ጻፍናቸው። 19 ላይ ታኅሣሥና ሐምሌ ሲሆን «ገብርኤል» ይላል። እንግዳው ቀን ሲመርጥ ከሥሩ ሙሉው በፊደል ይመጣል። «ዓርብ ሐምሌ 18 ገብተው እሑድ ሐምሌ 20 ይወጣሉ።» የሳምንቱ ቀን ስም ሲታይ ብዙ ስሕተት ይታረማል።

ለባለሙያዎች አንድ ነገር ልበል። ስልክና ኮምፒውተር ላይ ያሉት አሳሾች፣ ድረ ገጽ የምንከፍትባቸው ፕሮግራሞች፣ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃሉ። በጃቫስክሪፕት ውስጥ «ኢንትል» የሚባለው ክፍል አንድን ቀን ወደ ኢትዮጵያ ቀን ይቀይርልሻል፤ 13ኛዋን ጳጉሜን፣ አምስትም ትሁን ስድስት፣ አይስትም። የማያደርገው የቀን መምረጫውን ነው። ከአሳሹ ጋር የሚመጣው መምረጫ የፈረንጅ ብቻ ስለሆነ ሣጥኑን ራሳችን መሥራት አለብን። አራት ቀን ፈጀብኝ። መስከረም ላይ አራት ቀን ብሰጠው ኖሮ ታኅሣሥ ላይ ሰው ሳሎን ወለል ላይ አያድርም ነበር።

ሰዓቱንም እንደዚያው። «ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ»። «ከቀኑ» የምትለው ቃል ሁሉን ትጨርሳለች። በእንግሊዝኛው ገጽ ብቻ በፈረንጅ ሰዓት ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ በዓል አስቸገረኝ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ነው። ኅዳር 2008 ዓ.ም. ላይ በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የገባ ትልቅ በዓል ነው። ሐዋሳ ያን ጊዜ ጢም ትላለች። ቀኑ ግን ካላንደር ላይ አስቀድሞ አይታተምም። ከዋክብትን የሚያዩ አዋቂዎች ናቸው ቀኑን የሚወስኑት፤ ከዚያ ለጎሳዎቹ ይነገራል። በኮድ ልጽፈው አልችልም። እትዬ ደብተራቸው ላይ እንዴት እንደሚይዙት ጠየቅኩ። «በእርሳስ» አሉኝ። ይሆናል ብለው የገመቱት ሳምንት ላይ በእርሳስ ይጽፋሉ፤ ሲታወጅ በእስክሪብቶ ያደርጉታል። አሁን ገጹም እርሳስ አለው። ፈዘዝ ያለ፣ በነጠብጣብ የተከበበ፣ «ፍቼ በዚህ ሰሞን ሊሆን ይችላል» የሚል። ሲታወጅ እትዬ ራሳቸው ከስልካቸው ያጸኑታል።

ፊደሉና ቁልፎቹ

የቀረው ጽሑፉ ነበር። ፒያሳ አካባቢ ለረጅም ዘመን ታፔላ ሲጽፉ የኖሩ አንድ አባት አውቃለሁ። አሁን ባነር ህትመት ሥራውን ስለወሰደው ብዙም አይጽፉም። ገጹን አሳየኋቸው። «ፊደሉን አፍነሽዋል» አሉኝ። «የላቲን ፊደል አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ስለሚል ራሱ አየር አለው። የኛ ሁሉም ቁመቱ ሙሉ ነው። ከላይም ከታችም ቦታ ስጪው።»

ልክ ናቸው። ቴምፕሌቱ የተለካው ለላቲን ነው። ርእስን ከተራ ጽሑፍ የሚለየው በትልልቁ ፊደል በመጻፍ ነበር፤ የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፣ ስለዚህ ርእሱ ጠፋ። አጽንዖት ለመስጠት ጽሑፉን ያጋድማል፤ አሳሹ ደግሞ ለአማርኛው የተጋደመ ፎንት ሲያጣ ቀጥ ያለውን በግድ ይገፋዋል። መጠኑ ሲያንስ «ሉ» እና «ሊ» አይለዩም፤ ልዩነታቸው አንዷ ቅጥያ ከጎን ወይም ከሥር መሆኗ ብቻ ነውና። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት መረጥኩ፣ መጠኑን ከ16 ወደ 18 ፒክስል፣ የመስመር ርቀቱን ከ1.5 ወደ 1.75 አሳደግኩ። ርእሱ ወፍሮ ተለየ። አቢሲኒካንም ሞክሬው ነበር፤ የብራና እጅ ያለው ቆንጆ ፎንት ነው፣ ግን ርካሽ ስልክ ላይ፣ በትንሹ፣ ለዋጋ ዝርዝር ይከብዳል። የእትዬን የድሮ ብሮሹር ጽሑፍ ግን እንደገና መተየብ ነበረብኝ። የኛ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም ብሮሹሩ የተጻፈው ከዚያ በፊት በነበረው ዓይነት ፎንት ነው፤ ስገለብጠው የላቲን ምልክት ክምር ሆኖ ወጣ።

ስክሪኑ ላይ በጣት የሚነኩት ቁልፎች ላይ የነበረው ጽሑፍ ሌላ ታሪክ ነው። ቴምፕሌቱ በማሽን ተተርጉሞ «አሁን ያዝ» ይል ነበር። አንዲት ትልቅ ሴት እንግዳ «ማንን ነው አንተ የሚለው?» ብለው እንደጠየቁ ልጁ ነገረኝ። እንግሊዝኛ ሁሉንም በአንድ ቃል ያዝዛል። እኛ ያዝ አለን፣ ያዢ አለን፣ ይያዙ አለን፣ ያዙ አለን። «ይያዙ» ብዬ አክብሬ ጻፍኩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ደብዳቤ ይመስላል» አሉኝ። መጨረሻ ላይ የረዳን የስልኩ ማስታወሻ ነው። ሰዎች «ክፍል ለመያዝ ነበር» ብለው ነው የሚጀምሩት። ስለዚህ ቁልፉ «ክፍል ለመያዝ» ሆነ። ሌላውም «ለመደወል»፣ «መንገዱን ለማየት»። ማንንም አያዝዝም፣ ማንንም አያሳንስም፣ ማንንም አያገዝፍም። በአማርኛ ገጽ የምትሠሩ ሁሉ ይህን እንድትሞክሩት እለምናችኋለሁ።

ሐምሌ 19

አዲሱ ገጽ ሚያዝያ 2017 ላይ ወጣ። ቪዲዮ የለውም፤ ፎቶዎቹ ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ዓይነት ተቀይረው መጀመሪያ የሚከፈተው ገጽ ከ600 ኪሎ ባይት በታች ነው። ከላይ የምታዩት መስቀያው ነው፣ ዝቅ ሲል የአቮካዶው ዛፍ። የሐይቅ ፎቶ አንድ ብቻ አለ። ጠዋት ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ የተነሣ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ጎን የቆሙበት ነው። ከሥሩ «ከፔንሲዮኑ ሐይቁ አይታይም፤ በባጃጅ ይደረሳል» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እትዬ ይከፋቸዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። «እንዲህ ይሻላል፤ መጥቶ ከሚያዝንብኝ» አሉ።

የሐምሌው ገብርኤል ቅዳሜ ዋለ። ክፍሎቹ ከሁለት ሳምንት በፊት ሞሉ። ቀን የተሳሳተ አንድም ሰው አልነበረም። ዓርብ ማታ እዚያው ነበርኩ፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሆዴ ይንቦጨቦጭ ነበር። ሁሉም በቀኑ መጣ።

እትዬ የጠየቁኝ ነገር ግን አልሆነም። ስልኩ አልቀነሰም። ሰው ክፍሉን በገጹ ላይ አይቶ፣ መርጦ፣ ከዚያ ይደውላል። ድምፅ መስማት ይፈልጋል። የተለወጠው የጥሪው ርዝመት ነው። «ሰባት ቁጥር ተሰቅሏል አይደል? ስንት ሰዓት ልምጣ?» ይልና ይዘጋል። እትዬ ለዚህም አመሰገኑኝ፤ እኔ ግን «ለመደወል» የሚለው ቁልፍ ከሁሉም በላይ መሆን እንደነበረበት ከዚህ ነው የተማርኩት። አሁን ከመስቀያው ቀጥሎ ነው።

አንድ ክፍተትም አለ። ልጁ ቁልፍ ከሚስማሩ ሲያወርድ ስልኩ ላይም መንካት አለበት። ሥራ ሲበዛ ይረሳል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ቢነካም አይደርስም። ስለዚህ ከመስቀያው ሥር «ይህ የታየው ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ20 ላይ ነው» እያለ ሰዓቱን ይናገራል። ካረጀ ሰውየው ደውሎ ያጣራል።

አሁን የያዝኩት ጥያቄ ሌላ ነው። ለገብርኤል የሚመጡት ብዙዎቹ በቡድን፣ በሚኒባስ ነው። አራት አምስት ክፍል ይፈልጋሉ፤ አያቶች ከልጆች አጠገብ እንዲሆኑ ይፈልጋሉ። መስቀያው ላይ 4 እና 5 ጎን ለጎን ናቸው። በግቢው ውስጥ ግን 4 ፊት ለፊት ነው፣ 5 ከኋላ። ባለፈው ሳምንት የእትዬን ደብተር ሳገላብጥ ከክፍል ቁጥሮቹ ጎን ቀጫጭን ቅስቶች አየሁ። አንዱን ቁጥር ከሌላው ጋር ያያይዛሉ። 4ን ከ9 ጋር፣ 5ን ከ12 ጋር። «ይኸ ምንድን ነው?» አልኳቸው። «ግድግዳቸው አንድ ነው፤ ልጅ ሌሊት ቢያለቅስ አያት ትሰማለች» አሉኝ። ገጹን በስልኬ ፎቶ አንሥቼዋለሁ።